የሚተነፍስ ሳጥን

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ አንዲት ጠባብ ጌም ቤት ነበረች። ባለቤቱ ሄኖክ ይባላል። ታቢታ ዳንጊሶ እዚያው ሰፈር ከምትሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ስትወጣ ጎራ ትልና ከወንዶቹ ጋር በእግር ኳስ ጌም ትጋጠማለች። ችግሩ ማሸነፏ ነው። አሸንፋም ዝም አትልም። ጎል ባገባች ቁጥር ወደ ተሸናፊው ዞር ብላ ትከሻውን መታ መታ እያደረገች «አይዞህ፣ ያልፋል» ትለዋለች።

አንድ ቀን ሄኖክ በር ላይ አስቆማት።

«ታቢ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትምጪ።»

«ምን አደረግሁ?»

«ደንበኛ እያባረርሽብኝ ነው። ትናንት አንዱን ስድስት ለባዶ ሸኘሽው፤ እስካሁን ስልኩን ዘግቷል።»

«ታዲያ ልምምድ ያድርጋ!»

«ተለማማጇ አንቺ ሁኚ። ኮምፒውተር ግዢና ቤትሽ ብቻሽን ተጫወቺ!»

ሊያበሽቃት ነበር ያለው። ታቢታ ግን ምክር አድርጋ ወሰደችው።

ዕቁቧ በወጣላት ሳምንት ማጠያየቅ ጀመረች። ሱቅ ውስጥ ተገጣጥሞ የሚሸጠው ኮምፒውተር ማመልከቻ ለመተየብ እንጂ ለጌም አይሆንም፤ ለጌም የሚሆነው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ዕቃውን ለየብቻ ገዝታ ራሷ ልትገጥመው ወሰነች። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ገጥማ አታውቅም። የመሥሪያ ቤቷን ፕሪንተር ግን አንዴ ፈትታ መልሳ ገጥማዋለች፤ ብሎን ተርፏት እንኳ ሠርቷል። ይህ በቂ ትምህርት መሰላት።

ከመናኸሪያው ጀርባ ማርቆስ የሚባል የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ ነበር። ግማሹ ዕቃው አሮጌ ነው፤ ምላሱ ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው።

«ስሚኝ እህቴ፣» አላት፣ «ጌም መጀመሪያ በዓይን ነው።» ከመደርደሪያው ላይ ዕቃው ሁሉ የሚገጠምበትን ጥቁር ኬዝ አወረደ። ጎኑ መስታወት ነው። ሲሰካው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። «ይኸውልሽ! ጭፈራ ቤት በይው። ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ በነጻ አብሮት ይሄዳል።»

ታቢታ ለዕቃው ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ ብድግ አድርጋ በእጇ መዘነችው። እንደ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ቀለላት።

«መብራት ሄዶ ሲመለስ ይሄ ይፈነዳል። ሲፈነዳ ደግሞ ብቻውን አይሞትም፤ ጎረቤቶቹን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው። ከባዱን አምጣልኝ።»

«ከባዱ ውድ ነው።»

«እያወቅሁ ነው የጠየቅሁህ።»

ቀጥሎ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ሄዱ። ለጌም ዋናው እሱ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚሮጠውን ሁሉ የሚስለው ይህ ካርድ ነው። ካርዱ ደካማ ከሆነ አጥቂው ዛሬ መትቶ ጎሉ ነገ ይገባል። ማርቆስ ሁለት ነበሩት፤ አንዱ በሚያብረቀርቅ ካርቶን የታሸገ አዲስ ግን ደካማ፣ ሌላው ቢሮውን ዘግቶ ከሄደ አርክቴክት የገዛው፣ አቧራ የለበሰ ግን ጉልበታም። ታቢታ አቧራማውን አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«አሞራ ገደል ዓሣ ተራ ያለሽ መሰለሽ እንዴ?» አለ ማርቆስ። «ዓሣ አይደለም እኮ!»

«የተቃጠለ እንደሆነ ይሸታል። ሰካውና ከባድ ጌም ክፈትበት።»

ሰካው። ታቢታ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ካርዱ ሞቆ፣ አጉረምርሞ፣ ሥዕሉ ሳይቆራረጥ ሲቀጥል አየች። ማርቆስ ሌላ ደንበኛ አስተናገደ፣ ምሳውን በላ፣ እጁን ታጠበ። እሷ ንቅንቅ አላለችም።

«ልታድሪ ነው?»

«አሁን አመንኩት። ያዝልኝ።»

ፕሮሰሰሩን ከነቦርዱ መካከለኛ መረጠች። ማርቆስ ትልቁን እያሳየ «ይሄን ብትወስጂ ለልጅ ልጅሽ ይተርፋል» ቢላት «የልጅ ልጄ የራሷን ትግዛ» አለችው። ራሙን ሁለት ትንንሽ ከመውሰድ አንድ ትልቅ ወሰደች፤ ባዶው ቦታ ወደፊት እጇ ላይ ገንዘብ ሲገባ ይሞላል። ሃርድ ዲስኩ አሮጌ ቢሆንም ችግር የለውም። ጆይስቲኮቹም እንዲሁ። ስክሪን አያስፈልጋትም፤ አባቷ ሳሎን የተሰቀለ ቲቪ አላቸው። ሁሉም ተደምሮ ሲታይ ለኬዝ የሚሆን አልቀረም። መስታወታሙን ብትወስድ ወይ ካርዱ ወይ ፓወር ሰፕላዩ መውረድ አለበት።

«ኬዙ ይቅር፣» አለች።

«ታዲያ ምን ውስጥ ልትገጥሚው? ድስት ውስጥ?»

«አባቴ ሳጥን ይሠራል።»

ማርቆስ የምን ሳጥን ብሎ አልጠየቀም።

የታቢታ አባት አቶ ዳንጊሶ በሐዋሳው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ስመ ጥር የሬሳ ሳጥን ሠሪ ነበሩ። የቀበሌ ሰዎች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ እያሉ ቢወተውቷቸው «የእኔ ደንበኛ አይደራጅም» ብለው የመለሱ ሰው ናቸው። የሚኮሩበት አንድ ነገር ነበራቸው፤ የእሳቸው ሳጥን አየር አያስገባም።

ታቢታ የምትፈልገውን ነገረቻቸው። ሜትራቸውን ዘርግተው «ቁመቱ ስንት ነበር?» አሉ። በሥራቸው ሁልጊዜ የሚጠይቁት በኃላፊ ጊዜ ነው።

«አባ፣ አልሞተም እኮ። ኮምፒውተር ነው።»

«ይሁን። ቁመቱ ስንት ነው?»

በማግስቱ ሳጥኑ አለቀ። የተወለወለ የዋንዛ ጣውላ፣ ጎንና ጎኑ የነሐስ እጀታ፣ ውስጡ ሐምራዊ ከፋይ የለበሰ። ክዳኑ ሲዘጋ «ፍስስ» ይላል፤ አቶ ዳንጊሶ ያንን ድምፅ ለማሰማት ሦስቴ ከፍተው ዘጉላት።

«አባ፣ በጣም ቆንጆ ነው። ግን ከፋዩ ይቃጠላል፤ እናውጣው። ደግሞም ቀዳዳ ያስፈልገዋል።»

«የምን ቀዳዳ?»

«የአየር።»

አቶ ዳንጊሶ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ሃያ ዓመት ሙሉ አየር እንዳይገባ ስደክም ኖሬ፣ የገዛ ልጄ ቅደድ ትለኛለች? ደንበኛ ቢያይስ? ይተነፍሳል እንዴ?»

«አዎ። ይሄኛው ይተነፍሳል። ካልተነፈሰ ይሞታል።»

ተከራከሩ። አባትየው ሙግቱ ሲሞቅ ወደ ሲዳምኛ ገቡ፤ ልጅቱ በአማርኛ መለሰች። በመጨረሻ መሰርሰሪያቸውን አንስተው ከፊትና ከኋላ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረጉት፤ ግን እጃቸው ለምዶ ቀዳዳዎቹን በመስቀል ቅርጽ ደረደሯቸው። ታቢታ አየቻቸው፤ አየር እስከገባ ድረስ መስቀልም ቢሆን ግድ የላትም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳጥኑን ታቅፋ ወደ ቤት ተነሣች። አቶ ዳንጊሶ መሣሪያቸውን ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። ካፊያ ስለነበረ ጥቁሩን ካፖርት ለብሰዋል። ሳጥኑ ከባድ ስለነበረ ታቢታ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ጥርሷን ነክሳ ቀስ እያለች ትራመዳለች። ባጃጆች ቆሙላት። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እሷ ግን እግሯ ሥር ያለውን ጭቃ እንጂ ምንም አላየችም።

በራቸው ጋ ሲደርሱ ጎረቤታቸው እትዬ አባይነሽ ብቅ አሉ። የሕፃን ሬሳ ሳጥን የሚያህለውን ሳጥን ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ያዙ።

«ውይ! ውይ! የማን ነው ልጄ?»

«የእኔ ነው፣ እትዬ፣» አለች ታቢታ እያለከለከች።

«የአንቺ?»

«አዎ። ስንት ጊዜ ስመኘው ቆይቼ!»

አለችና ገባች። እትዬ አባይነሽ እዚያው ቆመው ቀሩ። ታቢታ ያላገባች ልጅ ናት፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መካከል ከፊት ቆማ የምትዘምር። እትዬ አባይነሽ በልባቸው ወራቱን ወደኋላ ቆጠሩ፤ አልገጠመላቸውም፤ ቢሆንም ወሬውን ይዘው ወጡ። በዚያን ዘመን ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ ነበር፤ የቀበሌ መልእክት ግን አንድም ቀን እንደዚያ ፈጥኖ ደርሶ አያውቅም።

ታቢታ ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስትገጥም ዋለች። ቦርዱን አሰረች፣ ፕሮሰሰሩን አስቀመጠች፣ ራሙን ቀጭ እስኪል ተጫነችው፣ ካርዱን ሰካች፣ ገመዱን ከቲቪው አገናኘች። ማብሪያውን ስትጫን ምንም የለም። እንደገና ተጫነች። ቲቪው ጥቁር ነው። ያ ሁሉ ማሽተት፣ ያ ሁሉ በርጩማ ላይ መቀመጥ ለዚህ ነው?

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ አቶ አምሳሉ ሐዘንም ቁጣም የተቀላቀለበት ፊት ይዘው ገቡ። ከኋላቸው እትዬ አባይነሽ ንፍሮ ይዘው፣ ከእሳቸው ኋላ የእድሩ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው። አቶ ዳንጊሶ የእድሩን ወንበር ሲያዩ ደንግጠው ማን ሞተ ብለው ጠየቁ። አቶ አምሳሉ ግን በቀጥታ ወደ ታቢታ ዞሩ።

«ልጄ ታቢታ፣» አሉ አቶ አምሳሉ፣ «የመጣነው ልናጽናናሽ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ… እንነጋገራለን።»

ታቢታ ጭንቅላቷ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ በግማሽ ጆሮዋ ነው የሰማችው። ኮምፒውተሩ እንቢ ማለቱን አይተው የሚያጽናኗት መሰላት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ጉድ የሠራኝ እኮ ማርቆስ ነው!»

የእድሩ ሰዎች ወንበሩን አስቀምጠው ተያዩ።

«ማርቆስ፣» አሉ እትዬ አባይነሽ፣ ስሙ እንዳይጠፋባቸው ቀስ ብለው። «የመናኸሪያው?»

«ያው እሱ! ጥሩ ነው ብሎ አሳምኖኝ!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት፣» አሉ አቶ አምሳሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ታቢታ በካቻቢቴዋ ገመዶቹን ገለጥ ገለጥ ስታደርግ፣ ከፓወር ሰፕላዩ ወጥቶ የትም ያልተሰካ አንድ ገመድ አየች። ለዋናው ቦርድ ኃይል የሚሰጠው ነው። ማርቆስን ያለ ኃጢአቱ ነው የከሰሰችው። ሰካችውና ማብሪያውን ተጫነች።

ሳጥኑ ነዘረ። ማራገቢያዎቹ ተሽከረከሩ። ከመስቀሉ ቀዳዳዎች ሞቅ ያለ ነፋስ ወጥቶ የእትዬ አባይነሽን የነጠላ ጫፍ አርገበገበው።

«ተነፈሰ!» ብለው ጮኹ እትዬ አባይነሽ። ንፍሮው ወለሉ ላይ ተበተነ። አቶ አምሳሉ «በኢየሱስ ስም!» እያሉ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ በእድሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቲቪው በራ።

ነገሩን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደ። መጀመሪያ የሳቁት አቶ ዳንጊሶ ናቸው፤ ሳቃቸው ዓይናቸውን እስኪያጠፋ። እትዬ አባይነሽ ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ያስታውቅ ነበር። አቶ አምሳሉ ግን ጸሎት አዘጋጅተው ስለመጡ መና እንዳይቀርባቸው መብራት እንዳይሄድ ጸለዩ፤ ሁሉም አሜን አለ። ወንበሩም ስለመጣ፣ የተረፈውም ንፍሮ ስላለ፣ ማንም አልሄደም። ታቢታ ጌሙን ከፈተች። ኳሷ ሳትቆራረጥ ስትንከባለል የእድሩ ሰዎች አጨበጨቡ። የእድሩ ዳኛ አንድ ጆይስቲክ ያዙ፤ በራሳቸው ጎል ሁለት አገቡና የጌሙ ዳኛ ተሳስቷል ብለው ተከራከሩ።

ሰኞ ዕለት ማርቆስ እየተቆጣ መጣ።

«ምንድነው ነገሩ? መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ‹እግዜር ያጽናህ› ይለኛል! አንዲት ሴትዮ ደግሞ ‹አግባት!› ብላ በጃንጥላ መታችኝ!»

ታቢታ ይቅርታ ጠይቃ ሳጥኑን አሳየችው። ማርቆስ ቁጣው እንዳለ ጎንበስ ብሎ እጁን ቀዳዳው ላይ አደረገ፤ ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጣውላውን ዳሰሰ።

«አባትሽን ይሄ ስንት ቀን ፈጀባቸው?»

ከዚያ ወር ጀምሮ አቶ ዳንጊሶ በሳምንት አንድ የኮምፒውተር ሳጥን ይሠሩ ጀመር። ታቢታ ለገዢዎቹ ዕቃ ትመርጣለች፣ ታሸታለች፣ ትገጥማለች። ማርቆስ እጀታው ይቅር ብሎ ቢለምን አቶ ዳንጊሶ አሻፈረኝ አሉ፤ ሁለት ሰው አንሥቶ የማይሸከመው ሳጥን ሳጥን አይደለም አሉ። የሥራውን ነገር ግን ወደዱት።

«የዚህኛው ደንበኛ ጥሩነቱ፣» ይሉ ነበር ጣውላቸውን እየላጉ፣ «ቅር ሲለው ተመልሶ መጥቶ ይነግረኛል።»