ግስ ከነዘመዶቹ

ወይንሀረግ አንድ እግሯን ባቡሩ ውስጥ አስገብታ ነበር ጋሽ ካሕሳይን ያየቻቸው። ኅዳር ነው፤ የኦስሎው ቬስትሊ ባቡር ጣቢያ መድረክ በረዶ ጋግሯል፤ ሰውዬው ግን በቤት ነጠላ ጫማ፣ ካፖርታቸውን ደርበው፣ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ይዘው ቆመዋል። እግሯን መልሳ አወጣች። ባቡሩም ጥሏት ሄደ።

«ጋሽ ካሕሳይ! ምነው? በዚህ ብርድ ወዴት ነው?»

«ክፍል አለኝ» አሉ ኮስተር ብለው። «ተማሪዎች ይጠብቁኛል። አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

ወይ ጉድ! ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን እንግሊዝኛ ሲያስተምሯት የኖሩ ጎረቤቷ ናቸው እኮ የማን ልጅ ነሽ የሚሏት። በወጣትነታቸው ደሴ ላይ አስተማሪ ነበሩ። ኤርትራዊ ቢሆኑም አማርኛቸው ከእሷ ይጠራል። ኦስሎ ግን መምህርነታቸውን የጠየቃቸው አልነበረም፤ ጡረታ እስኪወጡ የሆቴል ሰሃን አጠቡ። ከአምና ወዲህ ደግሞ ማስታወስ ከዳቸው።

ሰዓቷን አየች። የቃል ፈተናዋ ሊጀመር አንድ ሰዓት ከሩብ ቀርቶታል። ይህን እንግሊዝኛ ካለፈች አንድ የአረጋውያን ማረፊያ በተለማማጅነት ሊቀበላት ቦታ ይዞላታል፤ የሚጠብቃትም እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ብቻ ነው። ከወደቀች ቢየርቪካ ሰፈር የቢሮ ወለል ወደ መወልወሉ ትመለሳለች። አሥራ አንድ ዓመት ወልውላዋለች፤ ይብቃ።

የሽማግሌው ልጅ ሓድነት ነርስ ናት። ወይንሀረግ ሁለት ጊዜ ደወለችላት፤ አታነሳም። ቤት መልሳ ብታስገባቸው ተመልሰው መውጣታቸው አይቀርም። የሚጠብቃቸው ሰው የለም።

«እንግዲህ አብረን እንሂድ» አለች። የመድረኩ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና ለሥራ የያዘችውን የሱፍ ካልሲ ከቦርሳዋ አውጥታ አጠለቀችላቸው።

«ክፍሉ ሩቅ ነው?»

«ቅርብ ነው፣ ጋሽ ካሕሳይ።»

ቀጣዩ ባቡር መጣና ተሳፈሩ። ሦስት ጣቢያ ሳያልፉ ወዴት እንደሚሄዱ አራት ጊዜ ጠየቋት። ቤታቸው የት እንደሆነ ለማስታወስ ሞክረው አልመጣላቸው ሲል ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወይንሀረግ የምታደርገው ጠፋት። ከእንግሊዝኛ ትምህርታቸው የመጣላትን ቃል ተናገረች።

«ጋሽ ካሕሳይ፣ ቴክ!»

ቀና አሉ። ጀርባቸው ሳይቀር ተስተካከለ።

«ቴክን ብቻውን አትጥሪው ብዬሻለሁ! ግስ የሚጠራው ከነዘመዶቹ ነው። ከኦፍ ጋር ሲሆን?»

«አውሮፕላን ይነሳል። ልብስም ይወልቃል።»

«ከአፍተር ጋር?»

«ልጅ አባቱን ይመስላል።»

«ከፕሌስ ጋር ሠርጉ ይከናወናል፣ ከፓርት ጋር ሰው በነገሩ ይሳተፋል፣ ከኬር ጋር…» እያሉ ሄዱ። አንዱን ካንዱ ሳያምታቱ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየሰጡ፣ የቴክን አርባ አንድ ዘመዶች ሁሉ አወረዱት። ወይንሀረግ ተገረመች። ቤታቸውን የረሱ፣ ስሟን የረሱ ሰው! ይህን ሁሉ የት አስቀምጠውት ኖሯል? ሞት እንኳ ሲመጣ መጀመሪያ ቴክን ማስፈቀድ ያለበት መሰላት።

እሷ ግን ይህን ግስ ፈርታው ነበር የኖረችው። ቴክ ማለት መውሰድ ነው ብሎ የነገራት ሰው ዕድሜ ልኩን ይቅርታ ይጠይቃት! ባለፈው ፈተና «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሏት ደንግጣ፣ ልጅ ሆና ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት እንደደገመችው፣ አርባ አንዱን በአንድ ትንፋሽ ደገመችላቸው። ፈታኞቹ ተያዩ። «አንድ» ሰጧት፤ እዚህ አገር አንድ ማለት ወደቅሽ ማለት ነው።

«ደግሞ ይጠፋብኛል፣ ጋሽ ካሕሳይ» አለች። «ፈራሁ።»

«ያዘ የሚለውን ማን አስተማረሽ?»

«እ?»

«ቀጠሮ ትይዣለሽ፣ ቂም ትይዣለሽ፣ ሥራ ትይዣለሽ። ጉንፋን ይይዝሻል፣ ዝናብ ይይዝሻል። እጅሽ ግን ባዶ ነው። ማን ዘርዝሮ አስደገመሽ?»

«ማንም።»

«ኖርሽበታ! ያንንም ኑሪበት» አሉና በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

ልትጠራ ሁለት ደቂቃ ሲቀራት ከፈተናው ቦታ ደረሱ። አዛውንቱን ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከመስታወቱ በር ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው። «ከዚህ እንዳይነሱ፤ በሞቴ» ብላ ገባች።

ሁለት ሴቶች ናቸው ፈታኞቹ። ጥያቄው፣ የሚረሱ አረጋውያንን እንዴት ትረጃለሽ የሚል ነበር። ያ የሚደገመው ነገር ከሆዷ ተነስቶ መጣ፤ ቴክ አፍተር፣ ቴክ ኦቨር ሊል አፏ ደረሰ። በመስታወቱ አሻግራ አየች። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በእሷ ካልሲ፣ ተማሪ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጠዋል። አርባ አንዱን ዋጠችው።

«ዛሬ ጠዋት» ብላ በእንግሊዝኛ ጀመረች፣ «አስተማሪዬን ባቡር ጣቢያ አገኘኋቸው።»

ስለ ነጠላ ጫማው ነገረቻቸው፤ ዓይናቸው ስላቀረረው እንባ፣ የሚረሳ ሰው ያልረሳውን ነገር መፈለግ እንደሚገባ፣ እሱን ካገኙለት ቀና እንደሚል። ተሳስታለች፣ ተንተባትባለችም። ቴክ ግን ሳትጠራው አምስት ጊዜ መጣ፤ በመጣ ቁጥርም የሚሆነውን ዘመዱን ይዞ። ይህን ያወቀችው ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ነው። እግዚኦ! ማን ነው በአፏ የተናገረው?

አስወጥተው ትንሽ አስጠበቋትና ጠሯት። «አራት» አሏት። ከስድስት አራት! ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ማን ነው ያስተማረሽ?» አለች ትልቋ ፈታኝ።

ወይንሀረግ በሩን አሳየቻት። ሴትዮዋ ወጥታ ለሰላምታ እጇን ዘረጋች። ጋሽ ካሕሳይ ተነስተው፣ ካፖርታቸውን አስተካክለው ጨበጧትና፣ ጎናቸው ያለውን ወንበር እያመለከቱ፣ «ፕሊስ፣ ቴክ ኤ ሲት» አሏት።

ፈታኟ እንደ ጨዋ ተማሪ ተቀመጠች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባቡር ውስጥ ሓድነት ደወለች።

«ወይኒ! ስልኬ ሎከር ውስጥ ነበር። አባቴ ደህና ነው? ምንም አልሆነ?»

«ደህና ናቸው። አብረን ነን። አለፍኩ እኮ!»

«እሰይ! እልል በይ!» ሓድነት እያለቀሰች ሳቀች። «ቫክቴን፣ የሥራ ተራዬን፣ ለሰው ሰጥቼ ቤት እጠብቃችኋለሁ። ከኮሙኑ አስተዳደርም ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቀን ቀን ሰው ይልኩለታል። አንቺም እንግዲህ ተገላገልሽ፤ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። ትምህርቱ አለቀ ብለሽ ንገሪው።»

ወይንሀረግ ስልኩን ዘጋች። ማለፏን ነገረቻቸው፤ አጨበጨቡ። ሮመን ጣቢያ ሲደርሱ ረስተውት ነበርና እንደገና ነገረቻቸው፤ እንደ አዲስ አጨበጨቡ። ስቶቭነር ላይም ለሦስተኛ ጊዜ ደስ አላቸው። እንዲህ ያለ ምርቃት ከወዴት ይገኛል?

ባቡሩ ቬስትሊ ሊገባ ሲል ቦርሳቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ነገ ክፍል አለን?» አሏት። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየች።

ደብተሯን አወጣች። የቴክ ገጾች ጠርዛቸው ተበልቷል፣ በቡና ተበላሽተዋል። ባዶ ገጽ ገለጠችና ከላይ በትልቁ አንድ ቃል ጻፈች።

«አለን እንጂ፣ ጋሽ ካሕሳይ» አለች። «ጌት የሚለውን ግስ መቼ ጀመርነው?»

«ኧረ ጌት!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ ዘመዱ ብዙ ነው። እንዳታረፍጂ ታዲያ።»

«አላረፍድም» አለችና ክንዳቸውን ይዛ ወረደች።