የተገለበጠው ገደል

በዚያ መሥሪያ ቤት በሥዕል ላይ የሚፈረደው ሐሙስ ሐሙስ ነው። መጋረጃው ይዘጋል፤ የሳምንቱ ሥዕል ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ይወጣል፤ ሁሉም የመሰለውን ይናገራል። የማይናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሣለው። አለቃው ያወጣው ደንብ ነው። ሰዓሊ አፉን ዘግቶ ይሰማል፣ ሲያበቁ «አመሰግናለሁ» ይላል፣ ይወጣል።

ጋሼ ቆርቆሮ ይህን ደንብ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቋል። ቆርቆሮ ስሙ አይደለም። ሠላሳ ዓመት የሱቅ ማስታወቂያ በቆርቆሮ ላይ ሲጽፍና ሲሥል ኖረ፤ ሥራው ሲጠፋ ሴት ልጁ ኮምፒውተር ላይ መሣል አስተማረችውና እዚህ ገባ። ቅጽል ስሙንም እዚሁ አወጡለት። መሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ጌም፣ ይሠራል፤ የሌለ አገር፣ የሌለ ተራራ፣ ሁለት ጨረቃ ያለው ሰማይ። እስከ ዛሬ የእሱ ድርሻ በሌሎች ሥዕል ውስጥ ድንጋይ መሙላት ነበር። አሁን ግን የጌሙ መክፈቻ ሥዕል፣ ከሰማዩ እስከ ሣሩ፣ ለእሱ ተሰጠ። ሠርቶ ለማሳየት ሁለት ሐሙስ አለው። በሁለተኛው ካላለፈ ሥዕሉን ሌላ ሰው ይወስደዋል፤ እሱም ወደ ድንጋዩ ይመለሳል።

ከመጀመሪያው ሐሙስ በፊት ሦስት ሳምንት ለፋበት። ጌሙን የሚጫወተው ሰው ጀግናውን ይዞ የሚገባው ከግራ ስለሆነ ግራውን ክፍት ተወው፤ ዝቅ ያለ ሜዳና ባዶ ሰማይ። ከሜዳው ቀጭን መንገድ ይነሣል፤ መንገዱ የገመድ ድልድይ ላይ ያደርሳል፤ ከድልድዩ ማዶ፣ በስተቀኝ፣ አየር ላይ የተንሳፈፈ ትልቅ ገደል አለ። ወንዝ ከወገቡ ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ መብራት ያለበት ግንብ ቆሟል። ዓይን ሜዳው ላይ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ግንቡ ላይ ያርፋል። ጋሼ ቆርቆሮ ያሰበው ይህን ነው።

ሐሙስ ደረሰ። አለቃው ቀድሞ ገብቶ ነበርና እንደ ልማዱ የኮምፒውተሩን አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ሥዕሉ በመስታወት እንደሚታይ ተገለበጠ፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆነ። የሙያው ዘዴ ነው። ዓይን የለመደውን ስህተት አያይም፤ ሲገለበጥ ግን ያየዋል። አይቶ መመለስ ነው። ይሁንና ስልኩ ጠራ። ወጥቶ አውርቶ ሲመለስ ሌሎቹ ገብተው ተቀምጠዋል፤ ሥዕሉ እንደ ተገለበጠ ነው።

ጋሼ ቆርቆሮ አየ። አሁን ይመልሰዋል ብሎ ጠበቀ። አልመለሰውም።

«እንግዲህ» አለ አለቃው፣ የስክሪኑን ቀይ ብዕር አንስቶ፣ «ጀግናችን ከግራ ገባ። ምን ገጠመው? ገደል። ግንባሩን ሊፈነክት ነው እንዴ የመጣው?»

ሳቁ። ገደሉ ላይ በቀይ አሠመረበት።

«ድልድዩም ወደ መጣበት ነው የሚመልሰው። ጋሼ፣ እርስዎ የቆርቆሮ ሰው ነዎት፤ ማስታወቂያ ሰውን ያቆማል። ይሄ ደግሞ መሄድ አለበት።»

ዘንዶ ብቻ መሣል የሚወድ፣ ራሱንም ዘንዶ የሚሉት ሰው ቀጠለ። «በቀኝ በኩል ሰማዩ ባዶ ነው። እኔ እዚህ ጋ አንድ ዘንዶ ይታየኛል።»

«አንተማ ምሳ ዕቃህ ውስጥም ዘንዶ ነው የሚታይህ» አለችው ውሃ ሠሪዋ። ወንዝና ፏፏቴ የምትሥለው እሷ ናት።

«አንቺስ ምን ታየሽ?» አላት አለቃው።

«ገደሉ ያጋደለ መሰለኝ። ትንሽ ነው። ወንዙም አብሮት አጋድሏል።»

«እሱ ኢምንት ነው። ቅንብሩ ነው ከሥሩ የተበላሸው።»

የጋሼ ቆርቆሮ ደም ፈላ። ሁሉም ሲጨርሱ፣ «አንድ ነገር ልበል፤ ይሄ ሥዕል...» ብሎ ጀመረ።

አለቃው እጁን አነሣ። «ጋሼዬ፣ ማብራሪያ የለም። ተጫዋቹ ቤት ሄደው ሊያብራሩለት ነው?»

እንደገና ሳቁ። «አመሰግናለሁ» አለ ጋሼ ቆርቆሮ። በሩን ከፍቶ ወጣ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤት ሲገባ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ አገኛት፤ ጫማውን ሳያወልቅ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘረገፈው።

«ኮቱን ገልብጦ፣ ስፌቱ ለምን ውጭ ወጣ እንደሚለኝ ደንበኛ ነዋ» አለች።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ።»

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«ምንም። ያንኑ መልሼ ነው የማሳያቸው።»

ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «ደንበኛው ምንም ቢል እኔም ኮቱን ገልብጬ ሳላይ አልሰጠውም። የተጣመመ ስፌት የሚታየው በዚያ ነው። ከተናገሩት ሁሉ አንድ እውነት የለበትም?»

ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። አለበት ብሎ ማመን አልፈለገም፤ ንዴቱን የሚያሳንስበት መሰለው።

በማግሥቱ ግን ሥዕሉን ከፈተ፣ ቁልፏን ተጫነ። ገደሉ እንደ ሰከረ ሰው ተንጋዷል። ሠላሳ ዓመት መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ የሠራ እጅ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ለምዶ ኖሯል፤ ዓይኑም አብሮ ለምዷል። ይሄ ከሁሉ ይበልጥ አናደደው። ሁለት ቀን ሙሉ ገደሉን አቃና፤ ወንዙን ከገደሉ ጋር ቀጥ አደረገ። ከዚያ ውጭ አንዲት ሣር አልነካም።

ሁለተኛው ሐሙስ መጣ። አለቃው አርፍዶ ገባ፤ ቁልፏን ለመጫን ጊዜ አልነበረውም። ሥዕሉ እንደ ተሣለ ወጣ።

«አያችሁ?» አለ አለቃው፣ ፊቱ በርቶ። «ገደሉን ወደ ቀኝ ወሰዱት። ድልድዩ ወደ ፊት ያሻግራል። ጀግናው ሲገባ መተንፈሻ አለው። አስተያየት መቀበል ማለት ይሄ ነው። ባይሰሙን ኖሮ ጋሼ እስካሁን ቆርቆሯቸው ላይ ነበሩ።»

«ዘንዶዬ ግን ቀረ» አለ ዘንዶ።

«ተወው። አሁን ባዶው ሰማይ ቦታውን አግኝቷል።»

ሌሎቹም አደነቁ። ውሃ ሠሪዋ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየች። አለቃው የማጽደቂያውን ወረቀት ሳብ አድርጎ «አልፏል» ከሚለው ጎን ፈረመ። ከሥሩ ስህተቱን ላሳየ ሰው የተተወ «ያረመው» የሚል መስመር አለ፤ ሁልጊዜ የራሱን ስም ነው የሚጽፍበት። መጻፍ ጀመረ።

«ሁሉም ተናግሯል?» አለ ጋሼ ቆርቆሮ።

«የእርስዎ አመሰግናለሁ ብቻ ቀርቷል።»

ጋሼ ቆርቆሮ ተነሥቶ ሄደና ቁልፏን ተጫነ። ገደሉ ወደ ግራ ዞረ፤ ባዶው ሰማይ ወደ ቀኝ። ያለፈው ሐሙስ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተመልሶ ቆመ።

«ባለፈው የፈረድክበት ይሄ ነው» አለ። «ገለበጥክ፣ ስልክ አወራህ፣ ሳትመልሰው ተቀመጥክ። ገደሉም ድልድዩም የትም አልሄዱም።»

ዘንዶ አፉን በእጁ ያዘ። አለቃው ስክሪኑን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ፊርማው ደርቋል።

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልነግርህ ስል እጅህን አነሣህ።»

«ያም ሆነ ይህ» አለ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከባለፈው ይሻላል። አይቻለሁ።»

«ይሻላል። ገደሉ ቀጥ ብሏል፤ ወንዙም። ማጋደሉን ያየችው እሷ ናት። ኢምንት ነው ያልከው አንተ ነህ።»

ብዕሩን ከአለቃው እጅ ወሰደ። የተጀመረውን ስም ሰረዘ፤ በላዩ የውሃ ሠሪዋን ስም በማስታወቂያ ፊደል፣ ደልደል አድርጎ ጻፈ።

«ከመስመሩ ወጣ እኮ» አለ አለቃው።

«ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ ነው» አለና፣ «አመሰግናለሁ» ሳይል ወጣ።