ከአሥር አንድ እጅ

«ቆይ፣ እነዚያ ጎማዎች ግን የት ደረሱ?» አለ ጫማ ሰፊው ሙሐዲን፣ የንፍሮውን ሳህን ለጎረቤቱ እያሳለፈ።

ድንኳኑ ውስጥ ያጎነበሱ ራሶች ቀና አሉ። የኔነሽ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወደ እሱ ዞረች። ባሏ ጎሳዬ ገበያ መሃል ልቡ ከድቶት ከወደቀ ወዲህ የሰማችው ሁሉ ለማንኛውም ሟች የሚስማማ የማጽናኛ ቃል ነበር፤ ይህ ግን በእሱ ልክ የተሰፋ ጥያቄ ነው።

«የምን ጎማ?»

«እንዴ፣ አልነገረሽም? ካረጀ የመኪና ጎማ ስድስት ክብ አስጠርቦኛል፤ ከጡጫ ትንሽ ሰፋ የሚሉ። በየዙሪያቸው ጭቃ የሚቧጥጥ ጥርስ አስወጣኝ። ‹ለምንህ ነው?› ብለው፣ ‹ለአንድ ሽማግሌ የምርኩዝ መጫሚያ› አለኝ። በስድስት ምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ በሄርማታ መርካቶ ገበያ አላየሁም፣ ወላሂ!»

በለቅሶ ቤት ሳቅ ሳል መስሎ ነው የሚወጣው፤ ሁለት ሦስት ሰው ሳለ።

«የኔው ይብሳል» አለ ሰዓት ጠጋኙ ከሊል። «ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ጥርሳም ክቦች መርጬ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዲዞሩ አድርጌ ገጣጠምኩለት። ‹ጎሳዬ፣ ሰዓት እኮ ወደ ኋላ አይሄድም› ስለው፣ ‹የኔ ይሄዳል፤ መንገድ ሲከፋ ወደ ኋላ ማለት ያለ ነው› አለኝ።»

ቆርቆሮ ሠሪው ተክለጻድቅ እስካሁን ከመሬቱ ላይ ዓይኑን አላነሣም ነበር። «እኔ የፋኖስ ቤት ብዬ ነበር የሠራሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለት በር ያለው ፋኖስ። ጅል ነኝ መቼም።»

የኔነሽ እጅ ወደ መቀነቷ ሄደ። ከሟቹ ኪስ የተገኘው የጓዳው ቁልፍ እዚያ ተቋጥሯል።

ጎሳዬ ሹፌር ነበር። በኤንትሬ የጭነት መኪናው ከሊሙ ገነት ቡና እያወረደ ዕድሜውን ከጭቃ ጋር ሲታገል ኖሯል። እሷንም ሙሽራ ሳለች ያመጣት በዚያው መኪና ነው። በዚያ ቀን ረዳቱ በወባ ተይዞ ጭነቱ ላይ ተኝቶ ነበር። ዳገቱ መሃል መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር፣ በነጭ ቀሚሷ ዘልላ ወርዳ ታኮውን፣ ያንን ከባድ የእንጨት ሽብልቅ፣ ከኋላ ጎማ ሥር የወተፈችው እሷ ናት። ጅማ የገባችው እስከ ጉልበቷ ቀይ ጭቃ ለብሳ ነው። ከዚያ ወዲያ በስሟ አልጠራትም፤ «ረዳቴ» ይላት ነበር።

ለውጡ መጣና መኪናው ተወረሰ። ጎሳዬ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆነ፤ «ረዳቴ» የሚለው ስም ከመኪናው ጋር አብሮ ሄደ። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጓዳውን ቆለፈባት። ከበሩ ወዲያ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ድምፅ ትሰማለች።

«ምንድን ነው የምትሠራው?» አለችው አንድ ቀን።

«አትጠይቂኝ። ሌላ ሰው ሲጠይቅሽ ‹አላውቅም› ስትዪ ፊትሽ እንዳይዋሽ።»

በዚያን ጊዜ የሰማችው የበሩን መዘጋት ብቻ ነበር። ሰው በሚስቱ ላይ ጓዳ የሚዘጋው ሌላ ሕይወት ሲኖረው ነው ብላ አመነች፤ ኩርፊያዋን ሳትፈታ ሞት ቀደማት።

የቀበሌው አብዮት ጠባቂ አብተው ትናንት ሊያጽናናት ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ያላት ነገር አለ። «እህቴ፣ ሠልስቱ ይለፍና ያንን ክፍል መፈተሼ አይቀርም። ድምፅ ይሰማል ተብሎ ተጠቁሟል። መልእክት ማስተላለፊያ ከተገኘ ነገሩ ከእኔ በላይ ነው።»

ሠልስቱ ዛሬ ነው፤ አብተውም ጠመንጃውን በጉልበቱ አጋድሞ ከድንኳኑ በር ተቀምጧል። የኔነሽ ተነሣች። ባዕድ ሲከፍተው ከማየት በወዳጆቹ ፊት ራሷ መክፈትን መረጠች። ከፍርሃቷ በላይ ግን የማወቅ ጥማቷ ገፋት።

ሦስቱ ባለሙያዎች ተከተሏት። ጓዳውን ከፍታ ገባችና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር የሸፈነውን የቡና ጆንያ አነሣች።

ኤንትሬው ነበር። ከእውነተኛው ከአሥር አንድ እጅ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን። የተክለጻድቅ «ፋኖስ» ካቢና ሆኖ፣ የሙሐዲን «መጫሚያዎች» በየቦታቸው ተተክለው፣ የከሊል ክቦች ከአንዲት የቴፕ ሞተር ጋር ተጋብተው። ጭነት የሚያረግበው ባሌስትራ ከመጋዝ ምላጭ የተደራረበ ነው። ሙሐዲን በጣቱ ጫን ሲያደርገው መኪናው እንደ ሕያው ነገር ረገብ፣ ቀና አለ።

«ያ ረቢ!» አለ።

ከመኪናው አጠገብ ረጅም አንቴና ያወጣ ጥቁር ሣጥን ተቀምጧል። ከሊል ማንሻውን ነካ፤ ማንም ያልነካቸው የፊት ጎማዎች ወደ ግራ ዞሩ። ያን ጊዜ አድናቆታቸው በአንድ አፍታ ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። ማስተላለፊያ ነው። ጎሳዬ ለእያንዳንዳቸው ለምን አንዳንድ ቁራጭ ብቻ እንደሰጣቸው፣ ለእሷ ደግሞ ቁራጭ እንኳ ለምን እንደነፈጋት የኔነሽ ገባት።

አብተው በሩ ላይ ቆሟል። ሣጥኑን ሳይሆን አንቴናውን ነው የሚያየው።

«ይሄ የኔ ሬዲዮ አንቴና ነው» አለ። «‹ነቅዟል› ብሎ በሽቦ ተካልኝ። ብረት ይነቅዛል?»

«እንግዲህ አንተም ሠርተኸዋላ፣ ጓድ አብተው!» አለ ሙሐዲን።

አብተው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን ዓይኑ ከጎማዎቹ አልላቀቅ አለው። «ዳገት ይወጣል?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንዴ ይሂድና ልየው። ከዚያ አንቴናዬን ነቅዬ እወስዳለሁ፤ መጫወቻ ነው ያገኘሁት እላለሁ።»

ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። ከቤቱ ጀርባ ያለው አቀበት ቀልጦ ቀይ ሊጥ ሆኗል። ከሊል ሣጥኑን ያዘ፤ መኪናው እያጉረመረመ፣ ጭቃውን እየቧጠጠ ወጣ። አንዱን የባሕር ዛፍ ሥር ዘለለ፤ ሌላውን ዞረው። ሹፌር የሌለበት ካቢና ሲወዛወዝ ማንም አልሳቀም። ከአናቱ ጥቂት ሲቀረው ጎማዎቹ በከንቱ ዞሩ፤ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ።

«ባትሪው እየደከመ ነው!» አለ ከሊል።

ሮጣ ከኋላው በእጇ ይዛ ያቆመችው የኔነሽ ከጭነት ሣጥኑ ጎን በሽቦ የተንጠለጠለች አንዲት የቡና እንጨት ሽብልቅ አየች፤ የአውራ ጣት ታህላለች፤ በምላጭ ተልጋ፣ በእጅ ታሽታ ለስልሳለች።

«ይህችን ማን ሠራት?»

«እኔ ቆርቆሮ እንጂ እንጨት አልነካም» አለ ተክለጻድቅ። ከሊል ራሱን ነቀነቀ። «ሂንቤኩ፣ አላውቅም፤ የኔ አይደለችም» አለ ሙሐዲን።

የኔነሽ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ታኮዋን ከሽቦው ፈታች፣ ከኋላ ጎማ ሥር ወተፈቻት፣ በመዳፏም ደገፈቻት።

ከሊል ማንሻውን ለቀቀ። መኪናው ካለበት አልተንሸራተተም።