የተሰነጠቀው ቀለበት

ሀጀራ ሳውዲ፣ ጣኢፍ አካባቢ ባለ እርሻ ሰባት ዓመት ስትሠራ፣ ከወጥ ቤቱ ይልቅ የለመደችው ጄኔሬተር መፍታት ነበር። የእርሻው መካኒክ፣ አንድ ሱዳናዊ፣ ዓይኑ ደክሞ በእሷ ዓይን ነበር የሚሠራው።

ወደ አገሯ መካነ ሰላም በተመለሰች በዓመቱ፣ ጄኔሬተር የሚጠግኑትና የሚያከራዩት አቶ አለምነው ሠራተኛ ፈትነው ሊቀጥሩ ነው ሲባል ሰምታ ተመዘገበች። ጎረቤቷ አራጋውም ሰምቶ ኖሮ በፈተናው ዋዜማ በሯን አንኳኳ። የኤሌክትሪክ ሰርተፍኬት አለው፤ ጄኔሬተር ግን ፈትቶ አያውቅም።

«እቴ፣ የኤሲና የዲሲ ጄኔሬተር ይምታታብኛል። አላህ ይስጥሽ፣ አስረጂኝ።»

አዘነችለት። መሬት ላይ በጣቷ እየሣለች አሳየችው።

«የሁለቱም ውስጣቸው አንድ ነው፤ ጥቅሉ ሽቦ በማግኔት መሃል ሲዞር ኮረንቲው በየግማሽ ዙሩ ይገለበጣል። ልዩነቱ መውጫው ላይ ነው። የኤሲው ሽቦ ሁለት ጫፎች የየራሳቸው ሙሉ ቀለበት አላቸው፤ ኮረንቲው እንደተገላበጠ ይወጣል። የዲሲው ቀለበት ግን ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ኮረንቲው ሲገለበጥ ግማሾቹም የሚነኩትን፣ ኮረንቲውን ወደ ውጭ የሚያወጣውን ካርቦን ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ ወደ ውጭ ሁልጊዜ ባንድ አቅጣጫ ይሄዳል።»

እስኪይዘው ድረስ ሦስት ጊዜ አስደገመችው።

በማግስቱ አቶ አለምነው ሁለት የተፈቱ ጄኔሬተሮች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በመጀመሪያ አራጋውን የኤሲና የዲሲውን ልዩነት ጠየቁ። አንዲት ቃል ሳትጎድል የእሷን አነበነበላቸው። ተራዋ ሲደርስ ሀጀራም ያንኑ ተናገረች፤ ሌላ ምን ትበል?

አቶ አለምነው ሳቁ። «ከአፉ ለቀምሽው? ዓረብ አገር ሽንኩርት ስትከትፊ ነው ይሄን የተማርሽው?»

ሠራተኞቹ ተንከተከቱ። ሀጀራ ወደ አራጋው ዞረች። «ንገራቸው እንጂ!»

አራጋው ጉሮሮውን ጠረገ። «ትናንት ቤቷ ሄጄ ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ጎረቤት ናት ብዬ ነው።»

«ወላሂ ውሸት ነው! ሁለታችንም እንግጠመውና ይዩን።»

«በይ ተይ፣ ልጄ። ግሪስ ለሴት እጅ አይሆንም» አሉና በሩን አሳዩዋት፤ ሥራው የአራጋው ሆነ።

አሥር ቀን ሳይሞላ አራጋው እንደገና መጣ። ሀጀራ ዓረብ አገር ልትመለስ ሻንጣዋን እያሰናዳች ነበር።

«ካርቦኑ ብልጭታ አበዛብኝ። ሳትሄጂ አንዴ ንገሪኝ።» በሩን ተደግፎ ፈገግ አለ። «አንቺ እንደሁ እዚያ ለምደሽዋል፤ ምን ችግር አለብሽ?»

ሀጀራ ቀሚሷን አጠፈች፤ ዘርግታ ደግሞ አጠፈች። እሱ ጥቂት ቆሞ ሄደ።

ሐሙስ የደሴው አውቶቡስ ላይ ወጣች። በዚያ ማዶ የሚጠብቋት የምታስታምማቸው ሁለት የአልጋ ቁራኛ አዛውንቶች ናቸው።