ናፍጣ በገንቦ

እሸቴ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተንጋሎ የናፍጣ ታንከሩን ቀዳዳ በሳሙና ይደፍናል። ናፍጣው በእጅጌው ገብቶ እስከ ብብቱ ወርዷል። በአንድ በኩል ሲደፍነው በሌላ በኩል ያነባል። ከታች ሆኖ የሚታዩት የታናሽ ወንድሙ የደምሌ እግሮች ብቻ ናቸው፤ ወዲህ ይላሉ፣ ወዲያ ይላሉ።

"አቆመ?" አለ ደምሌ።

"አላቆመም።"

"እስቲ ጨምርበት። ሳሙናው ገና አላለቀም።"

እሸቴ ሳሙናውን በአውራ ጣቱ ጫነው። ይህን ቃል ሁለት በጋ ሙሉ ሲሰማው ኖሯል። መኪናዋ ጣሊያን ጥሏት የሄደች፣ ከብዙ እጅ በኋላ ለሁለቱ ወንድማማቾች የደረሰች አሮጌ የጭነት መኪና ነች። እሸቴ ይነዳታል፤ ደምሌ ዛሬ እንደጫነው ኑግ ያለ እህል እየገዛ ይጭንባታል፤ ከጭነቱ ላይ ተሳፋሪም አይጠፋም። ባለፈው መስከረም ጎንደር ከተማ ከተሰበረ መኪና የተፈታ ደህና ታንከር ተገኝቶ ነበር። ደምሌ ግን "ዘንድሮንም በሳሙና ትለፍ" ብሎ፣ በገንዘቡ ደብረ ታቦር ላለው ቤቱ ቆርቆሮ ገዛ።

ስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ግንቦት ሊያልቅ ምንም አልቀረው። የጉና ተራራ ከጠዋት ጀምሮ በደመና ጠቁሯል። አሁን ካሉበት ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር የሚያወጣው መንገድ የበጋ መንገድ ነው፤ ከከተማው በታች ያለው ወንዝ አንዴ ከሞላ እስከ መስቀል መኪና አያሻግርም። ካቻምና እንዲህ ሲዘገዩ መኪናዋ ወገዳ ከተማ ላይ ቆማ ከረመች። ሽቦዋን አይጥ በላው፣ የጎኗን ሳንቃ ሰው ነቅሎ አነደደው። የእሸቴ ሚስት አማረች ያን ክረምት ካቲካላ እያወጣች ነበር ልጆቿን ያበላችው። ስለዚያ ክረምት አንድም ቀን ወቅሳው አታውቅም፤ እሱን የሚያቃጥለውም ይኸው ነው።

ደምሌ ትዕግሥቱ አለቀና ጎንበስ ብሎ አሮጌውን ሳሙና በመፍቻ ይፍቅ ጀመር። እሸቴ ተው ሳይለው ዝገቱ ከነሳሙናው ተገምሶ ወደቀ። ናፍጣው አሁን ማንባቱን ትቶ እንደ ምንጭ ይፈስ ጀመር።

እሸቴ ቀዳዳውን በመዳፉ ይዞ ዕቃ እንዲያመጡ ጮኸ። ቶሎ የደረሱት ወይዘሮ የሻረግ ናቸው። መንገዱ ዳር ጠላ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ከተሳፋሪዎቹም አንዷ እሳቸው ነበሩ። ባዶ ገንቦዎቻቸውን ከልጃቸው ከዓለምዬ ጋር እያንከባለሉ አመጡ። ናፍጣው በገንቦ ተቀዳ፤ ገንቦዎቹም እንደ ሠርግ ቤት በመኪናዋ ጥላ ሥር ተደረደሩ። ከጠላ በቀር ሌላ የማያውቀውን ሸክላ ናፍጣ ሲጠጣው የሻረግ ቆመው ተመለከቱ።

"እንግዲህ እነዚህ ገንቦዎች ሞቱ" አሉ ቀስ ብለው።

እሸቴ እንደሚተካላቸው ሊነግራቸው ፈለገ። ግን ቃል የሰጠባቸው ነገሮች በዝተውበት ነበር።

ታንከሩን ፈትተው ለሁለት ተሸክመው ባለ እጁ ባዩ ዘንድ ወሰዱት። ባዩ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጥ፣ ሲገኝ ደግሞ ጋን የሚያህል የቆርቆሮ ዕቃ የሚጠግን ሰው ነው። መጀመሪያ እሳት አላስጠጋበትም ብሎ እምቢ አለ። በአመድና በፈላ ውኃ ደጋግመው አጠቡለትና፣ ብዙ ከለመኑት በኋላ ቁራጭ ቆርቆሮ ለጥፎ በቀለጠ እርሳስ አጣበቀው። ውኃ ሞልተው ሲያዩት ልጥፉ ያዘ። ደምሌ ፊቱ በራ። ወዲያው ግን ከልጥፉ አጠገብ ጠብታ ወጣ፣ ከዚያ ከሥሩ፣ ከዚያ ከመገጣጠሚያው።

ባዩ መዶሻውን አስቀመጠ። "ልብስ እንኳ ሲጣፍ መርፌ የሚይዝ ጨርቅ ይፈልጋል" አለ። "ይኸ ሁለመናው ዝገት ነው። አሁን የማደርገው ነገር እናንተን ማታለል ነው የሚሆነው።"

ደምሌ አንድ ልጥፍ ብቻ እንዲጨምር ለመነው። ባዩ እጁን ታጠበ።

ሲመለሱ ቀኑ አጋድሎ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ተስፋ ቆርጠው በእግር ሄደዋል። የሻረግ ግን ነጠላቸውን እንዳጣፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በማግስቱ ጠዋት ደብረ ታቦር አውራጃ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላቸው። የባላቸው ወንድም ርስቱን "ለእኔ ይገባል" ብሎ ከሷቸዋል፤ ካልቀረቡ በሌሉበት ይፈረድባቸዋል። ጉልበታቸው ደግሞ ያን አቀበት በእግር የሚወጣ አይደለም።

የእሸቴ ዐይን በጠላ ቤታቸው ጥግ የቆመ የብረት በርሜል ላይ አረፈ። በርሜሉን ከጋቢናው ጣሪያ ላይ ቢያስሩት ናፍጣው በቱቦ ቁልቁል ወደ ሞተሩ ይወርዳል። በርሜሉ ግን ለሰኔ ሚካኤል ማኅበር በተጠመቀ ጠላ ሙሉ ነው፤ ተራው የሳቸው ነው።

"እትዬ የሻረግ" አለ፤ ዐይኑን ግን ከዚያ አልነቀለም።

እሳቸውም ዐይኑን ተከትለው በርሜሉን አዩ። "ማኅበርተኛው ምን ይለኛል?" አሉ።

"እኔ አላውቅም።"

"ርስቱ ከሄደስ በምን አጠምቃለሁ?" ብለው ተነሡ። ዓለምዬን ጎረቤት እንድትጠራ ላኳት። ጠላው በጎረቤት እንስራና ማድጋ ተገለበጠ፤ የተረፈውን ያለፈ ያገደመው ሁሉ ቆሞ ጠጣው። ከጠጪዎቹ ሁሉ ያልሳቀ እሸቴ ብቻ ነበር።

በርሜሉን አጥቦ አሰረው፤ ናፍጣውን ከገንቦዎቹ ገለበጠበት። መኪናዋ ተነሣች፤ ጥቂት ሄዳ አስላት፣ ቆመች። ቱቦውን ነቅሎ ቢነፋው አንድ የጌሾ ቅጠል ወጣ። እንደገና አጠበ፣ በነጠላ ቁራጭ አጠለለ፣ እንደገና ሞላ። በዚህ መሀል መሬት የጠጣው ናፍጣ ስንት እንደሆነ አሁን ታየው፤ በርሜሉ ከግማሽ በታች ነው። ከነጭነቷ አቀበቱን አታጋምሰውም። ባዶዋን ግን ልትደርስ ትችላለች።

"ኑጉ ይውረድ" አለ።

ደምሌ ከጆንያዎቹ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ናፍጣ ከደብረ ታቦር በበቅሎ ይምጣልን፤ ሁለት ቀን ብንጠብቅ ምን አለበት፤ ያለኝን ሁሉ ያፈሰስሁበት ኑግ ነው አለ። እሸቴ በእጁ ወደ ጉና አመለከተ። ደምሌ አላየም።

"መኪናዋ የሁለታችን ነች፣ ወንድምዓለም" አለ። "ብቻህን አትወስንባትም።"

"ግማሿ ያንተ ነው። እኔ የምሄደው በራሴ ግማሽ ነው" አለ እሸቴ። የጎኗን መዝጊያ ከፈተና የመጀመሪያውን ጆንያ በጫንቃው አወረደ። ባዩ መጥቶ ተቀበለው፤ ቆይቶ ሌሎችም ተጨመሩ። ደምሌ የተቀመጠበት ጆንያ ብቻ ሲቀር ራሱ ወረደ። በጆንያዎቹ መካከል ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

እሸቴ የሻረግን ጋቢና ውስጥ፣ ደምሌ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጣቸውና ተነሣ። ወደ ወንዙ ሲወርድ ዝናቡ ጀመረ። ውኃው ደፍርሶ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ እየገፋ፣ ጎማውን እስከ ግማሹ ዋጠው። የሻረግ ዐይናቸውን ጨፍነው "ቅዱስ ሚካኤል፣ ቅዱስ ሚካኤል" ይላሉ። መኪናዋ ተንገዳገደች፣ አቃሰተች፣ ማዶ ወጣች።

እሸቴ ፍሬን ያዘ። ቱቦውን ለማየት አንገቱን ሲያወጣ፣ ከወዲያ ማዶ ቁልቁለቱን የሚሮጥ ሰው አየ። ካፖርቱን በራሱ ላይ አድርጎ፣ ረጅም በትር ይዟል። ደምሌ ነው። ኑጉን የት ጥሎት ይሁን ለማን ሰጥቶት ይሁን አይታወቅም። ከወንዙ ዳር ደርሶ ቆመ፣ ውኃውን በበትሩ ለካ፣ ገባ።

የሻረግ ከበርሜሉ የሚወርደውን ቱቦ ቀና ብለው አዩት። "ልጄ፣ ናፍጣው እያለቀ ነው" አሉ።

"አውቃለሁ።"

ሞተሩን ቢያጠፋ ተመልሳ መነሣቷን አያምንም። ካላጠፋ አቀበቱ ላይ ጥቂት ቦታ ሲቀራት ልትቆም ትችላለች። ጥርሱን ነክሶ ወንድሙን ያያል፤ ውኃው እስከ ወገቡ ደርሷል፣ አንድ ጊዜ አዳልጦት ተነሣ። እሸቴ በሆዱ እየተሳደበ፣ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሣ ጠበቀ።

ደምሌ እየተንጠባጠበ በመስኮቱ በኩል መጣና የሻረግን በእሱ ቦታ ተቀምጠው አያቸው። አንዳች ሊናገር አፉን ከፈተ።

"ላይ ውጣና በርሜሉን ያዝ" አለው እሸቴ። "ገመዱን አላምነውም።"

ደምሌ ወጣ። ጣሪያው ከክብደቱ ሲንቋቋ ተሰማ፤ እሸቴ ማርሽ አስገባ።