ቀለሙን በፀሐይ

ሰፈሩ ጨርቅ ነጋዴውን «ፀሐዩ» ብሎ ስም ያወጣለት ያለ ነገር አልነበረም። በዚያች ጠባብ ሱቁ ውስጥ አርባ አምፖል ሰቅሏል። ጠዋት ማብሪያውን ሲጫን ጣቃዎቹ ሁሉ ቦግ ይላሉ፤ እሱም ደረቱን ነፋ አድርጎ ከባንኮኒው ኋላ ይቆማል። አምፖሎቹ ሱቁን ስለሚያግሉት ደግሞ ሁለት ማራገቢያዎች ጣሪያው ላይ ሲጮሁ ይውላሉ። ትልቁ መስኮት ተጨማሪ መደርደሪያ ቆሞበት ከተጋረደ ስንት ዓመቱ።

አንድ ረፋድ ላይ፣ ከሳምንት በፊት ለሙሽራ የወንድማቸው ልጅ ጨርቅ የገዙ ሴት ጥቅሉን በብብታቸው ይዘው ገቡ።

«ልጄ፣ ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ወተት የመሰለ ነጭ ነዋ፣ እትዬ።»

«እስቲ ደጅ ና።»

ወጣ። ጨርቁ ፀሐይ ላይ ሲዘረጋ ወተትነቱ ቀርቶ ቢጫ ሆኖ ቁጭ አለ። መንገደኛው ሁሉ እያየ ፀሐዩ የሚገባበት ጠፋው።

«አውቄ አላታለልኩዎትም» አለ ቀስ ብሎ። «ውስጥ ሲሆን ለእኔም ነጭ ነው የሚመስለኝ።»

«እሱንስ አምኜሃለሁ። የዋሹን አምፖሎችህ ናቸው።»

ጨርቁን መልሶ ተቀበላቸው። ከዚያ እውነተኛው ነጭ እስኪገኝ ድረስ ጣቃ በትከሻው እየተሸከመ ደጅና ቤት ሲል ላብ በላብ ሆነ። ስድስተኛው ላይ ተገኘ።

ሴትዮዋ እንደሄዱ ለታላቅ እህቱ ደወለ። እህቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት፤ ከሰዓት በኋላ መሰላሏን ይዛ ከተፍ አለች።

«ቀለም የማይዋሽ ጥሩ አምፖል ጨምሪልኝ» አላት።

«አርባው ያልነገረህን አርባ አንደኛው ሊነግርህ?» አለችና መደርደሪያውን አንኳኳች። «ከዚህ ኋላ ምንድን ነው ያለው?»

«መስኮት።»

«ምን አጥፍቶ ታሰረ?»

ተጋግዘው መደርደሪያውን ገፉት፣ የመስታወቱን አቧራ ጠረጉት። እህቱ አርባውንም አምፖል አንድ ላይ ድርግም ስታደርጋቸው ልቡ አብሮ ድርግም አለ። ቀና ሲል ግን ጨርቆቹ ሁሉ የገዛ መልካቸውን ይዘው ጠበቁት። ጥቁር እያለ ሲሸጠው የኖረው ጣቃ ጥቁር ሰማያዊ ነበር።

«ስንቱን ሰው ነው ጉድ የሠራሁት» አለ።

እህቱ ሰባት ቆጣቢ አምፖሎች ለጨለማው ጥግ ብቻ ገጠመችለት፤ እያንዳንዱ የራሱ ማጥፊያ አለው። ሙቀቱ ሲቀንስ ማራገቢያዎቹም ቆሙ። ጸጥታው ሲሰማው ለካ እስከዛሬ ከደንበኛ ጋር ሲያወራ የኖረው እየጮኸ ነው።

በማግስቱ የጎረቤቱ ጫማ ነጋዴ አንገቱን አስግጎ «ምነው ደህና አይደለህም እንዴ? መብራት ተቆረጠብህ?» ሲለው ፊቱ ቀላ። ሁለት ቀን «ክፍት ነን» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ። በሦስተኛው ቀን እኚያ ሴት ሙሽራዋንና አራት ሚዜዎቿን አስከትለው መጡ። ልጆቹ መስኮቱ ሥር ተጠጋግተው ቀለም ሲመርጡ ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ወረቀቱን ቀደደው።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱን አላስቀምጥ አለ። በጠራራ ፀሐይ ሰላም ሊል ወደ ጫማ ቤቱ ሲገባ እንኳ እጁ ሳያስበው ወደ ግድግዳው ይሄድና አንዱን አምፖል ቀጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ጫማ ነጋዴው ሳምንት ሙሉ ታገሠው።

«ስማ» አለው በመጨረሻ፣ «እህትህ መሰላሏን ይዛ ትምጣልኝ። አንተ ግን እጅህን ከማጥፊያዬ ላይ አንሳ።»