ቅቤ የጠጣ በገና

ወንድሜ በላቸው ባጃጅ ተገልብጦበት ከሞተ ወዲህ ዋሽንቴን አልነፋሁም። በሐዘን ቤት ዋሽንት አይነፋም። በገና ግን የጸሎት ነው፤ ማንም አይከለክለውም።

በላቸው ሞጣ አስተማሪ ሳለ በየዓመቱ የደብረ ዘይት ዕለት፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ብቻውን በገና ይደረድር ነበር። ዘንድሮ “ወንድምየው ይምጣልን” ብለው ላኩብን። እምቢ ልል ስል እናቴ ቀደመችኝ።

“ልጄ ስጦታው፣ ድምፁን አንዴ ልስማው። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

ድምፁ ስትል የበላቸውን በገና ማለቷ ነው። ከቀበርነው ጀምሮ ቢቸና ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አውርዳ ታቅፈውና አገልግሏን እንደምትቀባው ቆዳውንም ጅማቱንም ቅቤ እየቀባች ታወራዋለች። ቅቤውን የተወችው ሁዳዴ ሲገባ ነው።

እኔም ያኔ ልምምድ ጀመርኩ። ዋሽንት ትንፋሽ ነው፤ ሆድ ሲብሰኝ አብሮኝ ይብሰዋል። በገናው ግን አልሰማ አለኝ። በላቸው ሲነካው ንብ እንደሞላው ቀፎ ያጉረመርም የነበረው፣ እኔ ስነካው የጭቃ ግድግዳ እንደመደብደብ ድም፣ ድም ይላል። ጥፋቱ የጣቴ መሰለኝ። ጣቴ እስኪያብጥ ደረደርኩ።

“ገና አልመጣም” ትላለች እናቴ ከጓዳ።

እንደገና እጀምራለሁ።

በዓሉ ሲቃረብ የበላቸው መምህር የነበሩት መሪጌታ የኔሰው እንዲያቃኑኝ ቀድሜ ወደ ሞጣ ሄድኩ። በገናውን በጋቢ ጠቅልዬ አውቶቡስ ውስጥ ሳስገባ ረዳቱ፣

“ቀስ በል ወንድሜ! ሬሳ ነው እንዴ?” አለ።

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ግን ፊቴን ከመስኮቱ አልመለስኩም።

መሪጌታ ጋቢውን ገለጥ አድርገው አሸተቱትና ሳቁ።

“ምን ጉድ ነው! በገና እንደ ሙሽራ ፀጉር ቅቤ ይቀባል? ማነው ይኼ ጅል?”

“እናቴ ናት፣ የኔታ።”

ሳቃቸው እዚያው ቀረ። ከእያንዳንዱ ጅማት ሥር ያለችውን ቁራጭ ቆዳ በጥፍራቸው አወጡና መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ለስልሳ እንደ እርጥብ ቅጠል ትታጠፋለች።

“እንዝራ ይባላል። ጅማቱን እንዲያጉረመርም የሚያደርገው እሱ ነው። ደረቅ መሆን አለበት። በላቸው በገዛ ጆሮው እየለካ ያስቀመጠው ነበር፤ አሁን ቆዳው ቅቤውን ጠጥቶታል። አይመለስም።”

“አዲስ ብናደርግለትስ?”

“ድምፅ ያወጣል። የበላቸውን ድምፅ ግን አልልህም።”

እስኪመሽ ድረስ አዲስ እንዝራ እየቆረጥን፣ እያስገባን፣ እያወጣን ዋልን። በገናው አጉረመረመ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

“ለእናቴ ምን ልበላት?”

መሪጌታ ቁርጥራጩን ከጭናቸው ላይ አራገፉ። “ፆም ላይ ነን፤ አትዋሽ። ዝም ማለት ግን ፆም አያስገድፍም።”

የደብረ ዘይት ዕለት እናቴ ከጎረቤታችን ከውቢት ጋር መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጥቁሯን እንደለበሰች ነው። በላቸው ይቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ደረደርኩ። እንዴት እንደ ጀመርኩ አላውቅም። ጣቴ አንዴም አልሳተም። ከኋላ አንዲት ሴት ስታለቅስ ሰማሁ። እናቴ ግን ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ በር ላይ የሚመጣ ሰው እንደምትጠብቅ ሆና ነበር።

ከጨረስኩ በኋላ ሰው “ቃለ ሕይወት ያሰማልን” እያለ ሲወጣ ቀረብ አለችኝ።

“ደህና አድርገህ ደረደርክ፣ ልጄ። እጅህን ይባርከው።”

“መጣ፣ እማ?”

ራሷን ወዘወዘች። “አልመጣም።”

ቀጥላ ጎንበስ ብላ የበገናውን ቆዳ ዳሰሰች። ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት።

“ደርቋል እኮ። ተመልከት፣ እንዴት እንደ ደረቀ። እኔ ነኝ፤ ፆም ነው ብዬ ስተወው ጉሮሮው ደረቀበት።” በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገችው። “ግድ የለም፣ ፋሲካ ይድረስ ብቻ። ደህና አድርጌ እቀባዋለሁ። ያን ጊዜ ይመጣል።”

መሪጌታ የኔሰው ከበሩ ሆነው አዩኝ፤ ወዲያው ዓይናቸውን ሰበሩ።

“እሺ፣ እማ” አልኳት።

በገናውን በጋቢው መልሼ ጠቀለልኩት። ጭንቅላቱን እሷ ያዘች፣ እግሩን እኔ፣ ተሸክመነው ወጣን።